የእንጦጦ ማዕድና የማገዶው ዕዳ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦር ሜዳና በዙፋን ዙሪያ ብቻ አይነበብም፤ በማዕዱም ይነበባል። ማን ከማን ጋር ቆረሰ? ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ ተቀመጠ? እሳቱንስ ማን አነደደው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ በዕረፍት ቀኑ ከጉለሌ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፣ ዛሬ በዛፎቹ መካከል ከተዘረጉት የምግብ ቤት ጠረጴዛዎች ሥር ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ያገኛል።

ጉለሌ ስሙን የወረሰው በሥፍራው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከበላዩ በእንጦጦ ላይ ከተማቸውን ሲቆረቁሩ፣ ሥፍራው የተመረጠው ለምሽግነቱ እንጂ ለኑሮ ምቹነቱ አልነበረም። ብርዱ ይበረታል፤ እህሉም እንጨቱም በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ሽቅብ መጓዝ ነበረበት። በዓይን የማይታይ ሌላ ችግርም ነበር። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ከፍታ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ጥራጥሬውም ሥጋውም ቶሎ አይበስልም፤ የምድጃው ጊዜ በረዘመ ቁጥርም ማገዶው ይጨምራል።

ይህም ሆኖ ታላላቅ ድግሶች የተደገሱት በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። በመስከረም 1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ግብር በዜና መዋዕል ተመዝግቧል። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ግብር የዘመኑ ማኅበራዊ ሥርዓት መስተዋት ነው። መኳንንቱ በቅድሚያ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ በየማዕረጉ ዝቅ ያለው ይተካል፤ በመጨረሻ ተራው ወታደር ይገባል። ብርንዶው ይቆረጣል፤ ጠጁ ይቀዳል። ከአዳራሹ በስተጀርባ ግን ፈጪዋ፣ ጋጋሪዋ፣ ውኃ ቀጂዋና እንጨት ሰባሪው ነበሩ። የእነርሱን ስም መዝግቦ ያቆየልን ጸሐፊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱን ከተራራው ብታወርደውም፣ ምድጃው አብሮ ወረደ እንጂ አልጠፋም። ጽዱና ወይራው እየተመነጠረ ተራራው ተራቆተ። የማገዶ እጦቱ ከመክፋቱ የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ካቆዩአት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ የገባው የአውስትራሊያው ዛፍ ነው። ሕዝቡም አመጣጡን በስሙ ውስጥ አኑሮ ባሕር ዛፍ አለው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት የማዕዱም ጠባይ መለወጥ ጀመረ። በግብር መብላት የለመደው መኳንንት ለምግብ ሒሳብ መክፈል እንግዳ ስለሆነበት፣ ምኒልክ ራሳቸው ተመግበው በመክፈል ምሳሌ እንደሆኑ ይተረካል። እንግዲህ መቀመጫው በማዕረግ ሳይሆን በገንዘብ የሚገኝ ሆነ። ከምድጃው በስተጀርባ ያለው ድካም ግን እንደነበረ ቀጠለ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን ምጣድ ያሰማው የእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ያንን ቅጠል ጎህ ሳይቀድ ወጥተው የሚጠርጉት፣ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጠውን ሸክም በጎበጠ ጀርባቸው ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል የሚወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከታች ያለው ሰው እንጀራውን ሲቆርስ የተራራውንም ጉልበት፣ የእነርሱንም ጉልበት ይቆርስ ነበር።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሲከፈት፣ ምግብ ቤቱ በተራው ወደ ዛፎቹ ወጣ። ከተሜው ዛሬ የባሕር ዛፉን ሽታ እየማገ፣ ከተማዋን ቁልቁል እየተመለከተ ይመገባል። በአቅራቢያውም 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት ይደክማል። ይህ መልካም ነው፤ የተራቆተ ተራራ ጥላ ሲሆን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ተመጋቢው የሚደሰትበት ጥላ በአንድ ወገን ማገዶ ፍለጋ የተተከለ፣ በሌላ ወገን የተሸካሚዎቹ ጀርባ የከፈለበት መሆኑን ሳያውቅ ቢነሣ፣ በልቶ ሒሳቡን ሳይከፍል እንደሄደ እንግዳ ይቆጠራል።

ስለዚህ ተማሪዎቹን ወደ እንጦጦ የሚወስድ መምህር፣ ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ካሳየ በኋላ የእንጨት ተሸካሚዎቹን ቀጭን መንገድም ያሳይ። ሠዓሊውም የተራራውን ውበት ሲሥል ያችን መንገድ አይዝለላት። ማዕዱን ያዘጋጀው እጅ በታሪክ ገበታ ዙሪያ ቦታውን ሲያገኝ፣ ያን ጊዜ ማዕዱ በእርግጥ የጋራ ይሆናል።