የቦይለር ብረትና የውሻ ኩላሊት

ክኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውሻችን ሲያነክስ ባየው አዘንኩለትና ለራስ ምታቴ የምውጠውን ኢቡፕሮፌን በሥጋ ጠቅልዬ ሁለት ቀን አጎረስኩት። በሦስተኛው ቀን እህል እምቢ አለ፤ ያስመልሰው ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ላጭቶ በአልትራሳውንድ ሲያየው ለእኔ የታየኝ ግራጫ ጉም ብቻ ነበር።

ጉሙ ግን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፣ ከታካሚዎች የወጡ ዕጢዎችን በሁለት መኪና አስጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልገው በድምፅ ሞገድ ነበርና፣ ዕጢንም ይለይ እንደሆን ሊሞክሩ ነው። ለማነጻጸሪያ የቀረበላቸው፣ አንባቢዬ አይሳቁ፣ ሙዳ የበሬ ሥጋ ነበር። ሙከራው ሠመረ። ከሐኪሙ ጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር ያዘጋጁት ጽሑፍ በሰኔ 1958 በላንሴት መጽሔት ወጣ።

በጤነኛ ውሻ የኩላሊቱ የውጭ ክፍል በምስሉ ላይ ከጣፊያው ጠቆር ይላል፤ መድኃኒት ሲጎዳው ነጣ ሊል ይችላል። ግን ሌላም በሽታ ያነጣዋል፤ ተጎድቶም መልኩን የማይለውጥ ኩላሊት አለ። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከምስሉ ዞር ብሎ፣

«ምን ሰጡት?» ያለኝ።

ኢቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም እንደሚያሳንስ ሲያስረዳኝ፣ የተረፉትን ክኒኖች ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እሱም ግሉኮስ ሊሰቅልለት ተነሣ።