"ገብቷል?" ከማርያ ትሬዛ ብር እስከ ቴሌብር

አዲስ አበባ ከውጭ የመጣውን ነገር በሰፈር ስም መዝግባ የማስቀመጥ ልማድ አላት። ለገሃር የፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ነው። ነፋስ ስልክ፣ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክት ለዘመኑ ሰው ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ስሙ ብቻ ይናገራል። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና አጠገብ ያለው ዓለም ባንክ ደግሞ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተደገፈ የቤት ፕሮጀክት ነው። የታክሲ ረዳቱ "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" ብሎ ሲጣራ ዋሽንግተን ስላለው ድርጅት የሚያስብ ተሳፋሪ ግን የለም።

ዛሬ በዚህ ሰፈር ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ባንኩን ግድግዳው ላይ ያገኘዋል። አምስት ስድስት የባንክ ሒሳብ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል፤ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥር አለ። ገዢው ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ "ላክሁ" ይላል። ባለሱቁ ዘይቱን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ስልኩን ያያል። "ገብቷል?" "ቆይ፣ አልገባም።" ኔትወርኩ ከዘገየ ሁለቱም ተፋጠው ይቆማሉ። የላኩበትን ምስል ማሳየት አይበቃም፤ የሐሰት ደረሰኝ አቀነባብሮ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ስለበዛ ባለሱቁ የሚያምነው የራሱን ስልክ ብቻ ነው።

ይህች ጥያቄ አዲስ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት የገበያ ሰው የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበል ያገላብጠው ነበር። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት መኖሩን፣ የንግሥቲቱ ደረት ላይ ያለው ጌጥ ነጠብጣቦች መሙላታቸውን በዓይኑ ቆጥሮ ነው ወደ ኪሱ የሚከተው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ ላይ ቢያስቀርፁም ገበያው የሞተችውን የኦስትሪያ ንግሥት መምረጡን ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ነበሩ፣ ጦር ነበራቸው፣ አድዋን አሸንፈዋል፤ ነጋዴው ግን እምቢ አለ። ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው የባለሥልጣን ማኅተም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ቅርንጫፍ ያህል ነበር፤ ለሃምሳ ዓመት ብቸኛ ባንክ የመሆን መብት ተሰጥቶት ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። የውጭ ሰዎችና ጥቂት ትልልቅ ነጋዴዎች ተጠቀሙበት፣ ገበሬው ግን ወረቀት ተቀብሎ በሬ የሚሸጥበት ምክንያት አልታየውም። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን በካሣ አዘግተው የኢትዮጵያ ባንክን ተኩ።

ስልኩም እንዲሁ በቤተ መንግሥት በኩል ነው የመጣው። በቤተ መንግሥት ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ሲተረክ ኖሯል፤ ታሪኩ ከመወደዱ የተነሣ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። ዋናው ነገር መስመሩ የት ሄደ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነው፤ በሐረር ራስ መኮንን፣ ከዚያ ወዲያ የባሕር በርና መሣሪያ የሚገባበት መንገድ አለ። ሽቦው የተዘረጋው ነጋዴው የቡና ዋጋ እንዲጠይቅበት ሳይሆን ማዕከሉ ጠረፉን እንዲሰማ ነው። ነጋዴው በኋላ ገባበት።

ይህ ቅደም ተከተል ከዚያ ወዲህም ብዙም አልተቀየረም። መደበኛ ስልክ ለማስገባት ማመልከቻ አስገብቶ ዓመታት መጠበቅ በደርግም በኢሕአዴግም የተለመደ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ሲም ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ደግሞ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ ሁለት ዓመት ከዘለቀ በኋላ የተከፈተው በሚሌኒየሙ መባቻ ግድም ነው። ዛሬ ባለሱቁ "ገባልኝ" የሚለው ያችኑ አጭር መልእክት አይቶ ነው። አንድ መንግሥት ለፖለቲካ ሲል ለሁለት ዓመት የዘጋት አገልግሎት ዛሬ የአገር የደረሰኝ ደብተር ሆናለች።

ኬንያ ኤም-ፔሳን የጀመረችው መጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይታ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አስጀመረች። መዘግየቱ የቴክኒክ አልነበረም፤ ቴሌው የመንግሥት፣ ትልቁ ባንክ የመንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት በሆነበት አገር ማን ይያዘው የሚለው እስኪለይ ነው ጊዜው የሄደው። ሳፋሪኮም ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ መጀመሪያ የሞባይል ገንዘብ አልተካተተለትም ነበር፤ ኤም-ፔሳ አዲስ አበባ የደረሰው ቴሌብር ሁለት ዓመት ከሮጠ በኋላ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አሁን ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው ያስታውቃል።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ወዶ ብቻ አልገባም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ሲሆን ድጎማው የሚወርደው በቴሌብር ሆነ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀረ። የሚኒባስ ሾፌሩ ተሳፋሪው በእጁ የሰጠውን የተጨማደደ ብር መጀመሪያ ወደ ስልክ አስገብቶ ነው ማደያ የሚሄደው። ማደያው ጋ ሲደርስ ኔትወርክ ከሌለ ሰልፉ ይረዝማል፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። እርግጥ ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ነው። ከዓለም ባንክ ወደ ገጠር ለእናቱ አምስት መቶ ብር ለመላክ አውቶቡስ ተራ ሄዶ የሚታመን መንገደኛ ይፈልግ የነበረ ሰው ዛሬ ከአልጋው ሳይነሣ ይልካል። ይህን የሚያናንቅ ሰው መንገደኛ ለምኖ አያውቅም ማለት ነው።

ችግሩ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው።

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የደረሰውን ሁሉም ያስታውሳል። ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በቴሌግራም ዩኒቨርሲቲዎችን አዳረሰ፤ ተማሪው ከመኝታው ተነሥቶ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ ስህተት ነው አለ። በፕሬዚዳንቱ በአቶ አቤ ሳኖ መግለጫ መሠረት በዚያች ሌሊት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሟል፤ ያለአግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎች "መልሱ" የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ወደ 15 ሺህ የሚሆን ሰው በፈቃዱ መለሰ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ።

ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ብዙ ተባለ፣ አብዛኛውም ትክክል ነበር፤ ያልሠሩበትን ገንዘብ መውሰድ ስርቆት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሳይነገር አለፈ። ስህተቱ የባንኩ በሆነ ጊዜ ባንኩ እያንዳንዱን ብር ከነስሙ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነፎቶው በሳምንት ውስጥ ለቅሞ አገኘ። ስህተቱ የደንበኛው ሲሆንስ? አንዲት ጉልት ነጋዴ በአንድ ቁጥር ተሳስታ ሁለት ሺህ ብር ለማታውቀው ሰው ብትልክ፣ በተለመደው አሠራር ገንዘቡ እንዲመለስ የተቀባዩ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። መዝገቡ ያው አንድ መዝገብ ነው፣ የሚፈጥነው ግን ለአንድ ወገን ነው። ለሁለት ሺህ ብር ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥታ ወደ ጉልቷ ትመለሳለች።

በእንግሊዝ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሆራይዘን የተባለው የፖስታ ቤት የሒሳብ ሶፍትዌር ገንዘብ ጎደለ እያለ ሲመዘግብ፣ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው። ጉድለቱ የሶፍትዌሩ ነበር። ሕጉ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ስለሚጀምር አይደለም የሚለው ሰው ማስረጃውን ከየትም ሊያመጣ አልቻለም። ያ የሆነው የቆየ ፍርድ ቤት፣ ነፃ ጋዜጣና ጠያቂ ፓርላማ ባለበት አገር ነው።

በኢትዮጵያ ሕጉ መሣሪያውን ከኋላ ነው የሚከተለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጣ፤ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ቴሌብር ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ማለት ነው። በመሐሉ፣ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር "መላ" እና "እንደኪሴ" የተባሉ ብድሮችን አስጀምሯል። የሰፈሩ ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው ሰውየውን አይቶ፣ ደመወዙ መቼ እንደሚወጣ አውቆ ነው፤ ሲከለክልም ምክንያቱን ፊት ለፊት ይናገራል፣ አንዳንዴም ይሰደባል። ስልኩ ብድር የሚፈቅደውና የሚከለክለው የአጠቃቀም ታሪክን በሚያሰላ ሲስተም ነው። የተከለከለ ሰው የሚሰድበው እንኳ የለውም።

የመጨረሻው ጉዳይ መዘጋት ነው፤ ይሄ ደግሞ ብልሽት አይባልም፣ ውሳኔ ነው። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የመገናኛ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላም ባንኮች ተዘግተው እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በሒሳቡ ገንዘብ እያለው የተራበ ሰው ነበር። ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ብር በደላላ እጅ ከባድ ኮሚሽን እየተቆረጠለት ይደርስ ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አፕሊኬሽኑ ሥራ አቆመ፤ ሰው ወደ *127# ተመለሰ፣ ጥሪውም በጠፋበት ወረዳ ወደ ጥሬ ገንዘብ። ጥሬ ገንዘብን ኋላቀርነት አድርገው የሚያቀርቡ ንግግሮች ይህን አይጠቅሱም። ገንዘቡና ስልኩ በአንድ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠሉ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ገንዘቡንም ዘግቷል።

ዕቁብ ይህን ሁሉ በራሱ መንገድ ፈትቶታል ማለት ይቻላል። በዓለም ባንክም ሆነ በሌላው ሰፈር ብዙ ዕቁብ አሁን የሚሰበሰበው በስልክ ነው፤ ደረሰኙ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይለጠፋል፣ ጸሐፊው ስም እያነሣ "የእገሌ አልገባም" ይላል። ዳኛው ግን አልተሰረዘም፣ ዋሱም አልቀረም። አባሉ "ልኬአለሁ"፣ ጸሐፊው "አልደረሰኝም" ሲሉ ጉዳዩ እሑድ ጠዋት ዳኛው ፊት ይቀርባል፤ ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ያሳያሉ፣ ዳኛው ያያል፣ ይወስናል፣ የወሰነው ከከሸፈ ዋሱ ይከፍላል። ብሔራዊ ባንክም የፋይናንስ ተገልጋዮችን ለመጠበቅ መመሪያ አውጥቷል፤ ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ግን ገንዘቡን ለያዘው ተቋም ነው።