ማሰሚያ፦ ለስፒከር የሚሆን አማርኛ

«የቤት ቲያትር የፊት ተናጋሪዎችና የመሃል ተናጋሪ በትዕዛዝ እንሠራለን።» ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ሥራው ያስመሰግናል። ኤምዲኤፍ የሚባለውን ጣውላ ኮምቦልቻ አስቆርጦ፣ የሐረጎን ዳገት አሻቅቦ ደሴ ላይ የሚገጥም ባለሙያ ከውጭ ከሚመጣው ሳጥን የማያንስ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ቃሉ ግን አንገበገበኝ። ይኸው «ተናጋሪ» በስልክ በሚላኩ የዕቃ ዝርዝሮች ላይም እየበዛ ነው፤ ሳይለመድ ከወዲሁ መነጋገር ይሻላል።

ተናጋሪ ሰው ነው። ነገረ፣ ተናገረ፣ ነገር፣ ነገረኛ፣ አነጋገር፤ ግንዱ አንድ ነው። ተናጋሪ የራሱ ነገር ያለው፣ ለተናገረውም የሚጠየቅ ነው። ሳጥኑ የራሱ ነገር የለውም፤ የሰጡትን ያሰማል። እንግሊዝኛው ለሰውም ለዕቃም አንድ ቃል ስላለው እኛም ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠት የለብንም። የምክር ቤቱን «ስፒከር» «ተናጋሪ» አላልነውም፤ አፈ ጉባኤ ብለን ከነወጉ ሰይመነዋል። «የቤት ቲያትር»ም ያው ነው። በአማርኛ ቴአትር መድረክ ላይ ሰው በአካል የሚጫወተው ነው፤ ፊልም የሚታይበት ሲኒማ ቤት ነው። እንግዲህ ሲኒማ ቤት ካለ፣ ቤት ውስጥ ያለው የቤት ሲኒማ ይባላል። ይህ ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው የሳጥኑ ስም ነው። ሕዝቡ በራሱ ያመጣው ሞንታርቦ አለ። ከጣሊያን ኩባንያ ስም የመጣ ነው፤ ለሠርግ ድንኳን፣ ለጉባኤ፣ ለመንገድ ላይ ቅስቀሳ የሚቆመው ትልቅ ሳጥን ሁሉ ሞንታርቦ ሆኗል። በዚህ ቃል ቅር አይለኝም፤ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ሥር ለሚተኛ ሳጥን ግን ይገዝፋል።

ድምፅ ማጉያ የሚለውን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ ስልካችንም የሚለው ይህንኑ ነው። ችግሩ ቃሉ ሥራ በዝቶበታል። አፍ ላይ የሚያዘው ማይክራፎን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ ድምፅ ማጉያ፣ ሳጥኑም ድምፅ ማጉያ። «ድምፅ ማጉያው ተቃጠለ» ያለ ደንበኛ ጠጋኙ ዘንድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ?» ነው። ጎላ፣ አጎላ፣ ማጉያ ካልን ደግሞ የሚያጎላው አምፕሊፋየሩ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሽፋን ጎልቶ የደረሰውን ኤሌክትሪክ ይዞ እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋል እንጂ የሚያጎላው ነገር የለም። ማጉያ ለአምፕሊፋየሩ ይተውለት።

በአፈ ጉባኤና በአፈ ሙዝ አካሄድ «አፈ ድምፅ» ማለትም ይቻል ነበር። ያምራል፤ ግን ግዕዝነቱ ገበያ ውስጥ ያስጨንቃል። ማንም ሰው መርካቶ ገብቶ «ሁለት አፈ ድምፅ ስጠኝ» አይልም።

እኔ የምሟገትለት ማሰሚያ ነው። ሰማ ብሎ መስሚያ፣ አሰማ ብሎ ማሰሚያ። መስሚያ ጆሮ መሆኑን «መስሚያዬ ጥጥ ነው» የሚል ሁሉ ያውቃል። አሰማም ባዳ ቃል አይደለም፤ ዜማ ያሰማሉ፣ አቤቱታ ያሰማሉ፣ እሪታ ያሰማሉ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ማዳመጫ ማለት ከለመድን ቆይተናል፤ ክፍሉን ለሞላ ሰው የሚያደርሰው ማሰሚያ ቢባል ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቋንቋው ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ቃል ትቶ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል መገልበጥ አማርኛን ያለ ጥፋቱ ደሃ ማስመሰል ነው።

የፊቶቹ የፊት ማሰሚያ ይባሉ። ለመሃሉ «ማዕከላዊ» የሚሉ አሉ። ማዕከላዊ መንግሥት፣ ማዕከላዊ ዕዝ፣ አልፎም አዲስ አበባ የነበረው የምርመራ እስር ቤት በጆሮ ይመጣል። መሃል ከተማ፣ መሃል አናት እንደምንለው የመሃል ማሰሚያ ይበቃል። አቀማመጡ ለኛ አዲስ አይደለም። በማኅሌት የቀኙን ረድፍ ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ይመራል፤ መሪጌታው የሁለቱም የበላይ ነው። ማዕረጉን ለእንጨት ሳጥን አልሰጥም፤ የሦስቱን የሥራ ክፍፍል ግን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። የፊልሙን ንግግር የሚይዘው የመሃሉ ነው።

የመሃል መስመር ከጥንትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች ፊላደልፊያ የሚጫወት ኦርኬስትራን ዋሽንግተን ላለ ታዳሚ በሽቦ ሲያሰሙ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ ብለው ሦስት መስመር ዘርግተዋል። በኋላ የስቴሪዮ ሸክላ ሲመጣ የሸክላው ቦይ ሁለት ግድግዳ ብቻ ስላለው የመሃሉ ቤት ሳይገባ ቀረ። በእኛ ሳሎን ግን ያስፈልጋል። ሶፋው ግድግዳውን ዙሪያውን ይዞ ስለሚደረደር ከእንግዳው ብዙው የሚቀመጠው ከጎን ነው። ሁለት ማሰሚያ ብቻ ካለ፣ ግራ ጥግ የተቀመጠ ሰው መሃል ስክሪን ላይ የቆመውን ተዋናይ የሚሰማው ከአጠገቡ ካለው ሳጥን ነው። ቋንቋችንም የመሃሉን ይጠይቃል። ጠ እና ተ የሚለዩት ለቅጽበት በምትፈነዳ ድምፅ ነው፤ እሷ ከደበዘዘች «አባቱ መጣ» እና «አባቱ መታ» ይምታታሉ፤ ታሪኩም አብሮ ይምታታል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ሦስቱም ማሰሚያዎች አንድ ዓይነት የወፍራም ድምፅ ውፈርና የቀጭን ድምፅ ትዊተር ይያዙ፤ ያለዚያ ከግራ ወደ ቀኝ የምታልፍ መኪና መሃል ስትደርስ ድምፅዋ ይለወጣል። የግራውና የቀኙ ከተመልካቹ ሲታዩ ከመሃሉ 30 ዲግሪ ያህል ግራና ቀኝ ይራቁ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚተኛው የመሃሉ ፊቱ ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ይበል። ለሳጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይመረጣል፤ ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኘው ይበልጥ ያብጣል፣ የደሴ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ከውስጥ ጥጥ ወይም የሱፍ ብጥስጣሽ ሲነጠፍበት ከኋላ የሚመለሰውን ድምፅ ይውጣል። ከመኪና የተነቀለ ማሰሚያ የሚገጥሙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፣ የቤት ማጉያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ8 ኦም ይሠራል፤ ከጀርባው የተጻፈውን ሳያዩ ቢገጥሙት ማጉያው ሊቃጠል ይችላል።

ውፈርን አልተረጎምኩም። ጠጋኞቹ «ውፈሩን ፍታልኝ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ ቢመጣም ከወፈረ ጋር ተገጣጥሞ፣ ወፍራም ድምፅ ከሚያወጣው ሽፋን ላይ ገጥሟል። ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትዊተር ግን እንዲህ የሚገጥም ቃል ገና አላገኘሁለትም፤ «ቀጭን ማሰሚያ» ያለኝ አንድ የኮምቦልቻ አናጢ ነው፤ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይህ ስም ይሻላል።