የፍኖተ ሐሊብ መግነጢሳዊ መስክ በፑልሳሮች ሲለካ

የፍኖተ ሐሊብ መግነጢሳዊ መስክ፣ ፀሐያችን ከነፕላኔቶቿ በምትገኝበት ጋላክሲ ውስጥ፣ በከዋክብት መካከል ባለው ስስ ጋዝ ተዘርግቶ የሚኖር፣ ለዓይን የማይታይ ረቂቅ ኀይል ነው። ብርታቱ ጥቂት ማይክሮጋውስ ብቻ፣ ይኸውም በምድር ገጽ ላይ ካለው መስክ በመቶ ሺህ እጅ ያህል ያነሰ ቢሆንም፣ እጅግ ሰፊ በሆነ ሕዋ ላይ የተንሰራፋ ስለሆነ ኮስሚክ ጨረሮችን ከጎዳናቸው ያጠማዝዛል፤ ከዋክብት የሚወለዱባቸው የጋዝ ደመናዎችም በገዛ ክብደታቸው ፈጥነው እንዳይወድቁ ይደግፋል።

ለምርመራው መሠረት የሆነው፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1845 በብርሃን ላይ ያገኘው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ የራዲዮ ሞገድ ኤሌክትሮኖችና መግነጢሳዊ መስክ ባሉበት ሲያልፍ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ዙረቱም በሞገዱ ርዝመት ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ሞገዱን በልዩ ልዩ ርዝመት በመቀበል መጠኑን ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን ዙረቱ የኤሌክትሮኖቹን ብዛትና የመስኩን ብርታት ደርቦ የያዘ ነውና፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለቱንም ምስክርነት አሟልተው የሚሰጡት ፑልሳሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤልና አንቶኒ ሂዊሽ በካምብሪጅ ያገኟቸው እነዚህ ፈጣን ተሽከርካሪ የኒውትሮን ከዋክብት ሞገዳቸው በተመጠነ ጊዜ እየተቈራረጠ ስለሚደርስ፣ በመንገድ ያሉት ኤሌክትሮኖች ረጅሙን ሞገድ ከአጭሩ ይልቅ ምን ያህል እንዳዘገዩት ይለካል፤ ከመዘግየቱም የኤሌክትሮኖቹ ድምር ይገኛል። ዙረቱ ለዚህ ድምር ሲካፈል፣ በእይታው መሥመር ላይ ያለው የመስኩ አማካይ ብርታት ይወጣል፤ ዙረቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሆኑም መስኩ ወደ እኛ የሚመጣ ወይም ከእኛ የሚርቅ መሆኑን ይመሰክራል። በአንድ አቅጣጫ ያሉ ቅርብና ሩቅ ፑልሳሮች ሲነጻጸሩ ደግሞ በመካከላቸው ያለው መስክ ለብቻው ይታወቃል።

በዚህ ዘዴ የተነሣው ካርታ እንደሚያሳየው፣ መስኩ በጋላክሲው ገበታ ላይ በአብዛኛው የጠመዝማዛ ክንዶቹን አካሄድ ይከተላል። በፀሐይ አካባቢ፣ ከጋላክሲው ሰሜን ሲታይ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው የጋላክሲ ክፍል፣ ወደ ሳጂታሪየስ ክንድ ሲዘለቅ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። የእነዚህ ግልበጣዎች ብዛትና ሥፍራ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ ምክንያቱም የፑልሳሮች ርቀት በትክክል አለመታወቁ ካርታውን ያደበዝዘዋል፤ የምድር አየር የላይኛው ክፍል የሚጨምረው ዙረትም በጥንቃቄ መቀነስ አለበት።

ስለሆነም በአውስትራሊያ የፓርክስ፣ በአውሮፓ የሎፋር፣ በደቡብ አፍሪካ 64 አንቴናዎች ያሉት የሚርካት፣ በቻይናም 500 ሜትር ስፋት ያለው የፋስት ቴሌስኮፖች የሚመዘግቡት እያንዳንዱ አዲስ ፑልሳር፣ በካርታው ላይ አንድ ተጨማሪ መሥመር ነው፤ መሥመሮቹ ሲበዙም ጋላክሲው በሽክርክሪቱና በጋዙ መናወጥ ይህን መስክ እንዴት እንዳበረታና ጠብቆ እንዳቆየ የሚሰጠው ትምህርት በልኬት ሊፈተን ይችላል።