የመልዕክት ላኪ ስም ምዝገባ፡ ምን ይከላከላል? ምንስ ያመልጠዋል?

በናይሮቢ፣ ካሳራኒ የሚገኝ ፋርማሲ ወይም የቁጠባ ማኅበር ለደንበኞቹ አጭር የጽሑፍ መልዕክት በራሱ ስም ለመላክ ከፈለገ በቅድሚያ ስሙን ማስመዝገብ ይኖርበታል።

ምዝገባው የሚከናወነው በቴሌኮም ኩባንያዎች ወይም ከእነርሱ ጋር በሚሠሩ የጅምላ መልዕክት አገልግሎት ሰጪዎች በኩል ነው። አመልካቹ የድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀትና በስሙ መልዕክት እንዲላክ የሚፈቅድ ደብዳቤ ያቀርባል። ስሙ ከ11 የላቲን ፊደላትና አኃዞች መብለጥ የለበትም።

አሠራሩ ያስፈለገው የአጭር መልዕክት ሥርዓት በራሱ የላኪውን ማንነት ስለማያረጋግጥ ነው። ስልኮች ደግሞ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን መልዕክቶች በአንድ ላይ ይደረድራሉ። በመሆኑም በባንክ ስም የተላከ ሐሰተኛ መልዕክት ከእውነተኛው ሥር ሊቀመጥ ይችላል።

ኤምፔሳ በአውሮፓውያኑ 2007 ከተጀመረ ወዲህ ሚሊዮኖች በስልካቸው ገንዘብ በሚያዘዋውሩባት ኬንያ፣ እንዲህ ያለው ማታለያ የሚያስከትለው ኪሳራ ከባድ ነው።

ሲንጋፖር ከጥር 2023 መጨረሻ ጀምሮ ምዝገባውን አስገዳጅ አድርጋለች። ያልተመዘገበ ስም የያዘ መልዕክት ለተቀባዩ የሚደርሰው “ማጭበርበሪያ ሊሆን ይችላል” ከሚል ምልክት ጋር ነው።

ይሁን እንጂ ምዝገባ ከመደበኛ የስልክ ቁጥር የሚላክን ማታለያ አያስቆምም። የተለመደው ዘዴ የኤምፔሳ ማረጋገጫ የሚመስል ጽሑፍ ልኮ “ገንዘቡ በስህተት ነው የተላከው፤ ይመልሱልኝ” ማለት ነው።

እውነተኛው ማረጋገጫ የሚደርሰው ግን ከግለሰብ ቁጥር ሳይሆን በአገልግሎቱ ስም ነው። ተቀባዩ ማንኛውንም ገንዘብ ከመመለሱ በፊት ላኪውን መመልከትና ቀሪ ሂሳቡን ራሱ ማጣራት ይኖርበታል።