ውሃው በየት ይውጣ?

በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታቱ ጎንደር ወደሚገኘው ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቶች ከግንቡ ላይ ዘለው ሲገቡ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ከቪዲዮው በፊትና በኋላ ያለው ግን ብዙም አይወራም። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይመጣለታል፣ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ይለቀቃል።

ስለ ነገሥታቱና ስለ ግንቦቹ የተጻፈ ሞልቷል። ስለ ቦዩና ስለ መፍሰሻው ፈልጉ ብትባሉ ግን የምታገኙት ጥቂት ነው። ይሄ ያስገርመኛል፤ ምክንያቱም ውሃ የሚይዝ ነገር የሠራ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው በመውጫው ነው።

ነገሩን በትንሹ ለማየት ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ ይበቃል። ደህና ተደርጎ የተሠራ አኳሪየም ሁለት ገንዳ አለው። ዓሦቹ ላይ ናቸው፤ ማጣሪያውና ፓምፑ ከታች ባለው ገንዳ ውስጥ ነው። የላዩ ውሃ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሞልቶ ይፈስና በቱቦ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ፓምፑ ተጣርቶ ያለቀውን በሌላ ቱቦ መልሶ ይልከዋል። የላዩን ውሃ ከፍታ የሚወስነው ፓምፑ አይደለም፣ ጠርዙ ነው።

ሁሉም ሲሠራ ቀላል ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ከባዱ ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማሰቡ ነው። አንድ ቅጠል ወይም ቀንድ አውጣ የመውረጃውን አፍ ቢዘጋው ፓምፑ አያውቅም፣ መላኩን ይቀጥላል፣ ውሃው ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አፉ ትንሽ ከፍ ያለ ሁለተኛ መውረጃ ይጨመራል። ይሄ ቱቦ ዕድሜውን ሙሉ ደረቅ ሆኖ አንድ ቀን ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጣጣው በተቃራኒው ነው። የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ የተነከረ ከሆነ ቱቦው ውሃውን ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ አየር እስኪያገኝ ድረስም አያቆምም። የታችኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል። መድኃኒቱ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብላ ቱቦው ላይ የምትበሳ ቀዳዳ ናት። ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ አየር ይገባል፣ ስበቱ ይቆረጣል። እኛ አገር መብራት በሚጠፋበት ልክ ይህች ቀዳዳ ከፓምፑ አትተናነስም።

ከዚህ ሦስት ጥያቄ ይወጣል። የውሃውን ከፍታ የሚወስነው ምንድን ነው? መውጫው ሲደፈንስ? የወጣው ውሃ የት ይደርሳል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ጎንደር ላይ እናገኘዋለን። ዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት በ1636 እንደሆነ ይነገራል፤ መዋኛውም በስማቸው ይጠራል። ፓምፕ በሌለበት ዘመን ገንዳ ለመሙላት ወንዙን ከገንዳው ከፍ ካለ ቦታ መጥለፍ ግድ ነው። ባዶ ለማድረግ ደግሞ መውጫው ከወለሉ ዝቅ ማለት አለበት። በመሃል ያለው ሁሉ የቁልቁለት ሒሳብ ነው። ቦዩ በጣም ካዘቀዘቀ ውሃው ይቦረቡረዋል፣ በጣም ከተኛ ደለል ይሞላዋል። ግድግዳውም ውሃ መቋቋም ነበረበት። ለዚህ ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራ በአካባቢው ለግንባታ መዋል የጀመረው በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ያለዚያ የፋሲል ግንቦችም መዋኛውም ዛሬ የምናያቸው ባልሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ላሊበላ ይወስደናል። እዚያ ማንም ገንዳ ልሥራ ብሎ አልተነሣም። ግን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከአለቱ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተቆፍሮ የወጣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ገደል የመሰለ ግድግዳ። ለክረምት ዝናብ ይሄ ጉድጓድ ገንዳ ነው። መውጫ ካልተሠራለት ይሞላል። ሕንጻ ከታች ወደ ላይ ሲሠራ መፍሰሻን በኋላ ማስተካከል ይቻል ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈል ግን የተቆረጠ አለት አይመለስም፤ ወለሉ ከመውጫው በታች ከወረደ አለቀ። ስለዚህ ጠራቢዎቹ ወለሉ ላይ ሳይደርሱ ውሃው በየት እንደሚወጣ ያውቁ ነበር ማለት ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩት ቦዮች የዚህ እውቀት ምስክር ናቸው።

ከዚያስ? ዩኔስኮ ላሊበላን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ስለ ቅርሱ ባወጣው መግለጫ የጥንቶቹ የውሃ መውረጃ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው እንደነበር፣ የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ፣ የመሬት መንቀጥቀጥም እንዳዛባቸው ይገልጻል። በውጤቱም በውሃ ክፉኛ እንደተጎዱና አብዛኞቹ በአሳሳቢ ሁኔታ ላይ እንደሆኑ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ የተደፈነ ቦይ ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተከለ። ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ይከላከላል። ግን ጊዜያዊ ተብሎ የተተከለው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2018 የከተማው ነዋሪዎች ብረቱ ይወድቅብናል ብለው አደባባይ ወጡ። ቦይ የሚጠርግ ሰው ሐውልት አይቆምለትም። እሱ ሲጠፋ የሚከፈለው ዋጋ ግን ይሄን ያህላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ያለው በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ከጎንደር ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ በንፋስ መውጫ በኩል ጋይንትን ያቋርጣል። ከዚህ መንገድ በስተደቡብ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ አለች። ከዚያ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል።

በዚህ አገር ተዳፋት ላይ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ዘሩ በውሃ እንዳይታጠብ፣ ማሳውም እንዳይተኛበት በሞፈርና ቀንበር ማሳውን አግድም የሚያቋርጥ ጠለቅ ያለ ትልም ያወጣል። ስሙ ፈሰስ ነው። በየክረምቱ እንደገና ይወጣል። ማንም መሐንዲስ አልነደፈውም፣ ግን የአኳሪየሙን ጠርዝ ሥራ ይሠራል፤ ትርፉን ሰብስቦ ያወጣል።

ችግሩ ከማሳው ጫፍ ይጀምራል። ፈሰሱ ውሃውን አንድ ቦታ ሰብስቦ ስለሚለቀው ከታች ያለው መሬት ይቆረጣል፤ ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። ከታች ያለው መሬት ደግሞ የሰው ነው። የላዩ ገበሬ ዘሩን አዳነ፣ የታችኛው አፈሩን አጣ። የላይና የታች ጎረቤት የሚጣላበት አንዱ ነገር ይሄ ነው። እዚህ ላይ ቱቦ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ውሃው እስከ ወንዙ ድረስ የሚሄድበት የጋራ መውረጃ ያስፈልጋል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ያሉት ባለማሳዎች አንድ ላይ ተቀምጠው መስማማት አለባቸው፣ ከመሬታቸውም ቆርሰው መስጠት አለባቸው።

አኳሪየም ውስጥ የወጣው ውሃ ተመልሶ ስለሚመጣ ጥፋታችንን ቶሎ እናየዋለን፤ ምንጣፋችን ይረጥባል። ጋይንት ላይ የወጣ ውሃ አይመለስም። አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ የሚረጥበውም የሌላ ሰው ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ማሳ፣ አንድ መንገድ ወይም አንድ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ መውጫ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ ከመውጫው በታች ማን እንደሚኖር ነው።