የወረደ ይሸከማል
ስለ ትሕትናና ስለ ትዕቢት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዓለ ኢዮቤልዩ የምስጋና ቀን ነው። ነገር ግን ምስጋና ለውዳሴ ከንቱ ጐረቤት ስለ ሆነች፥ የእግዚአብሔርን ቤት ሠርቶ የሚደሰት ሕዝብ በደስታው መካከል የሚፈተንበት ቀን ደግሞ ነው። በወንጌል እንደ ተነገረው፥ ሁለት ሰዎች ለጸሎት ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ፤ አንዱ ጾሙንና ዐሥራቱን ቈጥሮ ባዶውን ተመለሰ፥ ሁለተኛው ደረቱን መትቶ ጸድቆ ሄደ። ትዕቢት ከደጀ ሰላም ውጭ ቆማ የምትቀር አይደለችም፤ ከጸሎተኛው ጋራ አብራ ትገባለች እንጂ።

ለጋምቤላ ሰው የትሕትና ምሳሌ ከደጁ አይርቅም። ባሮ የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ውኃው በከፍታው ሳለ ከዐለት ወደ ዐለት እየዘለለ ይጮኻል፥ መርከብ ግን አይሸከምም። ወደ ሜዳው ወርዶ ድምፁ ዝግ ባለ ጊዜ ይሰፋል፥ ይጠልቃል፥ ጭነትም ይችላል። ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፥ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ እንዲከራይ ፈቀዱ፤ የጋምቤላም ወደብ በዚሁ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም በነጭ ዐባይና በሶባት በኩል እየመጣ የደጋውን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። የቅኔ መምህር ይህን ቢያይ ባሮ ሰሙ፥ ትሕትና ወርቁ ነው ባለ ነበር። የወረደ ይሸከማል፤ ከፍ ያለው ይጮኻል።

ከነገሥታት ወገን ይህን ምሥጢር የፈጸመ ቅዱስ ካሌብ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የናግራን ክርስቲያኖች ደም በፈሰሰ ጊዜ፥ ሠራዊቱን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ድል አደረገ። ከድል በኋላ ግን ትውፊት እንደሚነግር፥ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፥ መንግሥቱን ትቶ፥ በአክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሰ። ተሸንፎ ዙፋኑን የሚለቅ ንጉሥ ብዙ ነው፤ አሸንፎ የሚለቅ ግን ጥቂት ነው። ካሌብን የሚያስመሰግነው ዝቅ ማለቱ ብቻ አይደለም፥ ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ ዝቅ ማለቱ ነው እንጂ።

በፈቃዱ ሳይሆን በሰው እጅ ዝቅ ስለሚደረገውስ ምን ይባላል? ለዚህ የሙሴ ጸሊም ታሪክ መልስ አለው። እርሱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አስቀድሞ የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፥ ኋላም በአስቄጥስ ገዳም የመነኰሰ፥ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን የምታከብረው ጥቁር አባት ነው። ለቅስና በታጨ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወዶ፥ ወደ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ እንዲያባርሩት አዘዘ፤ እነርሱም ሰድበው አስወጡት። ሙሴ ሲወጣ በማንም ላይ አላጕረመረመም፥ ራሱን ብቻ ወቀሰ፤ በተጠራም ጊዜ ሳይቀየም ተመልሶ ተሾመ። በሌላም ቀን ማኅበሩ በበደለ ወንድም ላይ ሊፈርድ ሲሰበሰብ፥ በቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ ገባ፤ ምን ነው ቢሉት፥ የገዛ ኀጢአቱ ከኋላው ሲፈስ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ይህን የሚሰማ ሁሉ የሙሴን ትዕግሥት አድንቆ ያልፋል፤ የካህናቱን ስድብ ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ስድቡ ለፈተና የተመረጠው ሰውን አብዝቶ የሚያቈስል ስለ ሆነ ነው። ዛሬ ያን የመሰለ ቃል በወንድሙ ላይ የሚናገር ሰው ሊቀ ጳጳስ ያዘዘው ፈታኝ አይደለም፤ ራሱ ተፈትኖ የወደቀ ነው። አኙዋና ኑዌር፥ መዠንግርና ኦፖ፥ ኮሞም በሚኖሩበት በዚህ አገር፥ ከደጋ የወረደው ሰው ሁሉ በልቡ ደግሞ አልወረደም። ባለፈው ዘመን የቆላው ልጆች በግፍ ተወስደው ተሸጠዋል፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ ቢሻር፥ ስሙ በአንደበት ቀርቷል። ጌታ ግን ሰውን ሊያድን በመጣ ጊዜ እንደ ባርያ ሆኖ ተገለጠ፥ እንደ ባርያም ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ዐጠበ። እንግዲህ ወንድሙን በዚህ ስም የሚሰድብ ክርስቲያን ጌታው የለበሰውን ልብስ ይሰድባል። የናቁትንም ሰው ትሕትና ተማር ማለት ለትዕቢት ሌላ ስም ማውጣት ነው። ትሕትና ሰው በገዛ ጫንቃው የሚቀበላት ቀንበር ናት እንጂ በሌላው ላይ የሚጭናት አይደለችም።

ትሕትና ፍርሀትም አይደለችም። ለዚህ ምስክሩ ከሩቅ አይፈለግም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ሚካኤል መንበራቸው በጎሬ ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደማቸውን ባፈሰሱ ጊዜ፥ የጎሬው ወንድማቸው መጨረሻው ምን እንደሚሆን አልተሰወራቸውም። ሆኖም ለጠላት አልገብርም ብለው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። በእግዚአብሔር ፊት የሚንበረከክ ጉልበት በግፍ ፊት አይንበረከክም፤ በግፍ ፊት የሚንበረከከው ብዙ ጊዜ በድኻው ፊት የሚኰራው ነው።

ለካህናት ደግሞ የእውቀት ትዕቢት አለች። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ ይዞ፥ በእመቤታችን ስም ቍራሽ እየለመነ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ ይማራል። ዜማውን፥ ቅኔውን፥ መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ግን ያን ደበሎ የሚረሳ አለ፤ ለምኖ የተማረው ተለምኖ እንኳ አያስተምርም። እንዲህ ያለው ሰው በከፍታው ላይ እንደሚጮኽ ውኃ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፥ ማንንም ግን አያሻግርም።

በዚህ በዓል የሰጡና የሠሩ ሰዎች ስም ይነበባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስማቸው ሳይነበብ ድንጋይ የተሸከሙት፥ ከባሮ ውኃ የቀዱት በሰማይ መዝገብ እንደ ተጻፉ ይታሰብ። የበዓሉም ማዕድ ሲቀርብ ከሁሉ ኋላ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ይታይ፤ ወደ እርሱም ተነሥቶ የሚሄድ ይገኝ። ያን ጊዜ ይህ ደብር ዘመኑን በቍጥር ብቻ ሳይሆን በፍሬ አከበረ ይባላል።

ትሑታንን ከፍ የሚያደርግ አምላክ ሕዝቡን በአንድ ማዕድ ይሰብስብ፥ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።